ከግንቡ ውጭ የቀረው ድንጋይ

ትርፍና ኪሳራ ማስላት እንጀራዬ ስለሆነ ከሱ ልጀምር። የትምህርት ቤቱ ነገር እኔን ያስከፈለኝ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ወዳጅና አመሻሽ ላይ ሱቄ በር ላይ የምሰማው ክርክር ነው። ገንዘብ አልወጣብኝም። ገንዘብ ወጥቶብኝ ቢሆን ኖሮ በሆነ መንገድ አስመልሰው ነበር።

የጋሽ ወልደየስን ሞት የሰማሁት በገበያ ቀን፣ ለአንዲት ሴት ጋዝ እየቀዳሁ ነው። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ነፋና ስማቸውን ጠራ። ሴትዮዋ ጠርሙሷን እንደያዘች ቀና አለች።

«እኒያ ተከራካሪው ሽማግሌ ናቸው?»

«እሳቸው ናቸው።»

«እኔስ ከሞቱ የቆዩ መስሎኝ» አለችኝ።

ተሳስተሻል ልላት አልኩና ጋዙን መቅዳት ቀጠልኩ። ቀኑን ነው እንጂ ነገሩን አልተሳሳተችም።

ከተማችን መንዝ ውስጥ፣ ከዘመሮ በላይ፣ ነፋሱ ከገደሉ ተነሥቶ መጀመሪያ የሚያገኛት ቦታ ላይ ነች። ከተማ የምላት ጥቂት ሱቅ፣ አንድ ወፍጮና ብዙ ከሳሽ ስላላት ነው። እኔ ራሴ የመርሐቤቴ ሰው ነኝ። ከዓለም ከተማ ጨውና ሳሙና በአህያ እየጫንኩ ስመላለስ ኖሬ፣ አህያዬ ስታረጅ እዚሁ ሱቅ ከፈትኩ። መጀመሪያ የገባኝ ነገር የዚህ አገር ሰው ከዕቃው ይልቅ ክርክሩን እንደሚወድ ነው። ሳሙና ሊገዛ ይመጣል፣ ስለ ሳሙናው ይከራከረኛል፣ ይረታኛል፣ ሳሙናውን ትቶ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የዚህ ሁሉ አባት ጋሽ ወልደየስ ነበሩ። መሬት በርስት በነበረበት ዘመን ነገረ ፈጅ ነበሩ፤ ስለ ሰው ቆመው የሚከራከሩ። ያን ዘመን ለማያውቅ ልንገረው፤ መንዝ ላይ መሬት የሚያዘው «ይህን አገር እገሌ አቀናው፣ እኔም የእገሌ ዘር ነኝ» ተብሎ ነው። በአባትም በእናትም ይቆጠራል። እንዲህ ከሆነ ሁሉም ሰው በሁሉም ቦታ ትንሽ ትንሽ መብት አለው፤ እንዲህ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ይካሰሳል። ጋሽ ወልደየስ የሰውን ዘር እንደ ዳዊት ሳይሳሳቱ ሽቅብ እስከ አቅኚው ድረስ ይወጡበት ነበር። መሬት የመንግሥት ነው የተባለ ጊዜ ሌላው ርስቱን ሲያጣ እሳቸው ሥራቸውን አጡ።

«ሌላውን መሬቱን ወረሱት» ይሉኝ ነበር፤ «እኔን ግን ምላሴን ነው የወረሱኝ።»

ረጅም ነበሩ፤ ጥቁር በርኖሳቸው በጋም ክረምትም ከትከሻቸው አይወርድም። ክርክር ሲጀምሩ ብቻ ቀኝ ትከሻቸውን ገለጥ ያደርጉና በትራቸውን ከፊታቸው ይተክላሉ። በርኖሱ ገለጥ ሲል የሚያይ ባላጋራ ገና ሳይናገሩ ግማሽ ልቡ ይሸሻል ይባል ነበር። እኔ አይቻለሁ፤ እውነት ነው።

አንድ ልማድ ነበራቸው። የረቱ ቀን ራት አይበሉም።

«የተረታ ይብላ፤ የረታ ይጹም። መርታት ራሱ ያጠግባል። በላዩ እንጀራ የጨመረበት ሰው ይታበያል።»

ባለቤታቸው እትዬ የሺ ይህን ሲሰሙ፣ «እኔ የማውቀው እሳቸው ሲረቱ ሽሮው እንደሚተርፍ ነው» ይሉ ነበር።

እንግዲህ ሱቄ በር ላይ የነበረው የዋንዛ አግዳሚ የእሳቸው ችሎት ነበር። ከቅዳሴ መልስ ይመጣሉ፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ይቀመጣሉ። የጠፋ በግ፣ የተገፋ ድንበር፣ ያልተመለሰ ጥሎሽ፣ ሁሉም እዚያ ይመጣል። እኔንም «መርሐቤቴው» እያሉ ምስክር ያደርጉኛል። ስለ ምንም ባላውቅም።

ትምህርት ቤታችን የተሠራው በደርጉ ጊዜ ነው። የግንቡን ድንጋይ ሕዝቡ በጀርባው ተሸክሞ አመጣ። የጣሪያው እንጨት ግን ደጋው ላይ የለም፤ የኛ ደጋ ሣርና ነፋስ ነው የሚያበቅለው። ወራጁን ሁሉ በትከሻቸው ሽቅብ ገደሉን ያወጡት ከሥር ያሉት ቆለኞች ናቸው። የሸክሙ አለቃ ጋሽ ወልደየስ ነበሩ። ምስማሩን ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ በዋጋው።

አዲሱ መንግሥት ገብቶ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ትእዛዝ መጣ፤ ዕድሜው የደረሰ ልጅ ሁሉ ይመዝገብ። ሰው አመነታ። ልጁን ለሥራ የሚፈልግ አለ፣ ሴት ልጅ ተምራ ምን ልትሆን የሚል አለ፣ መንግሥት የጠራው ነገር መጨረሻው አያምርም የሚልም አለ፤ ይኼኛው ከልምድ ነው። ቆለኞቹማ ጭራሽ እንቢ አሉ። ገደሉን ወጥቶ ወርዶ መማር ለፍየል ነው አሉ። ጋሽ ወልደየስ በትራቸውን ይዘው ወረዱ። ከርመው ሲመለሱ ጉልበታቸው ያበጠ ቢሆንም ከኋላቸው ልጆች ነበሩ። ለወላጆቹ በመድኃኔ ዓለም ፊት ቆመው ምለውላቸው ነው፤ የተመዘገበ ልጅ አይባረርም ብለው።

ምዝገባው ከትምህርት ቤቱ ባሕር ዛፍ ሥር ሆነ። የልደት ወረቀት የሚባል ነገር ስለሌለ ዕድሜ የሚለካው በጆሮ ነው። ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ከነካ ደርሷል፤ ካልነካ ለከርሞ ይመለሳል። ዲሬክተሩ ከደብረ ብርሃን የመጣ ወጣት ነበር፤ ቀጥ ያለ፣ ሕግ የሚወድ። ጋሽ ወልደየስ ከጎኑ ቆመዋል፤ ማንም አልሾማቸውም።

ሸክላ ሠሪዋ ብርቄ ልጇን ትርንጎን ይዛ የመጣችው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። እነ ብርቄ ከወንዙ ማዶ ነው የሚኖሩት። ክርስቲያኖች ናቸው፣ ይጾማሉ፣ ያስቀድሳሉ፤ ሰው ግን ድስታቸውን ይገዛል እንጂ ቤታቸው ውሃ አይጠጣም። ዓይናቸውን ይፈራል። በነሱ ድስት የተሠራ ወጥ እየበላ ቡዳ ናቸው ብሎ ያማቸዋል።

ትርንጎ እጇን በአናቷ አሳለፈች። ጣቷ ጆሮዋ ጋ ሊደርስ ጥፍር ቀረው።

«ለከርሞ» አለ ዲሬክተሩ።

ጋሽ ወልደየስ በርኖሳቸውን ገለጥ አደረጉ። «መምህር፣ ሕጉ ምን ይላል?»

«እጅና ጆሮ ይነካኩ ነው የሚለው።»

«ይነካኩ ነው ወይስ እጅ ብቻውን ይሂድ?»

ዲሬክተሩ አሰበ። «ይነካኩ።»

«እንግዲያው ጆሮም መንገድ ይችላል። ትርንጎ፣ አንገትሽን ዘንበል አድርጊ።»

ዘንበል አለች። ጆሮ ወደ እጅ መጣ። እናቷ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ዲሬክተሩ ሳቁን ዋጥ አድርጎ መዘገባት። ያን ለት ማታ የእትዬ የሺ ሽሮ ተረፈ።

ከዚያ ወዲያ ልጅቷ ከትምህርት መልስ አግዳሚው ጫፍ ላይ ትቀመጥ ጀመር። እሳቸው የድሮ ክርክሮቻቸውን ይነግሯታል፤ እሷ የዕለቱን ንባብ ታነብላቸዋለች። ሲያስተምሯት ደግሞ አይራሩም። አንድ ቀን እኔ ላይ አለማመዷት።

«የዚህ አግዳሚ ባለቤት ማን ነው?» አለችኝ ትርንጎ፣ ልክ እንደሳቸው አንድ ትከሻዋን ገለጥ አድርጋ።

«እኔ።»

«ማን ነው ቀን ቀን የሚቀመጥበት?»

«ጋሼ።»

«እርስዎ ተቀምጠውበት ያውቃሉ?»

«ሥራ ፈት አይደለሁማ።»

«እንግዲያው ያቀኑት እሳቸው ናቸው። እርስዎ ጠፍ ነው የተዉት።»

ጋሽ ወልደየስ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ተፈርዶብሃል መርሐቤቴው» አሉኝ። «ይግባኝ ካለህ ለሷው አቅርብ። እንዲያውም ልጄ፣ ይኼን ያዢ። የተረታ ሰው ሁለት ነገር አለው፤ ራቱና ይግባኙ። ራቱን ቢነጥቁሽም ይግባኙን እንዳትለቂ።»

ክፍሉ እንግዲህ እየሞላ ሄደ። መጀመሪያ ፈረቃ ተደረገ፤ ግማሹ ጠዋት ግማሹ ከሰዓት። ፈረቃውም ሞላ። ልጆች በመደዳ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ የኋለኞቹ ቆሙ፣ የባሰባቸው ከመስኮት ውጭ ሆነው ተማሩ። ዝናብ ሲመጣ የመስኮቶቹ ሒሳብ ይቋረጣል። መምህሯ ስም ጠርታ ስትጨርስ ደወል ይደወላል ይባል ነበር፤ ቀልድ መስሎኝ ሄጄ አየሁ፤ ቀልድ አልነበረም። ዲሬክተሩ መቀመጫ ያለው ሰው ይርዳን ብሎ ለመነ። ጋሽ ወልደየስ ይህን ሲሰሙ ከአግዳሚው ተነሡና በበትራቸው መታ መታ አደረጉት።

«አንሣው» አሉኝ። «ርስቴን ለትምህርት ቤቱ ሰጥቻለሁ።»

«የእኔስ?»

«ያንተማ ያን ጊዜ ተፈርዶበት የለም እንዴ።»

በአንደኛው ጫፍ እሳቸው፣ በአንደኛው እኔ ሆነን አደረስነው። ከዚያ በኋላ በጨው ጆንያ ላይ ይቀመጡ ነበር፤ በርኖሳቸው እየነጣ።

ሁለተኛው ትእዛዝ የመጣው የክፍሉ ጥበት የሰውን ልብ በተን በተን ባደረገ ጊዜ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወላጅ ሁሉ በትምህርት ቤቱ ግቢ ተጠራ። ዲሬክተሩ ተናገረ፤ ወረዳው ክፍል እንዲህ ታጭቆ አይሆንም ብሏል፣ አዲስ ክፍል የመሥሪያ በጀት ደግሞ የለም፣ ስለዚህ ማን እንደሚማርና ማን ወደፊት እንደሚጠብቅ ወላጅ ራሱ መክሮ ይወስን። ይህን ብሎ ተቀመጠ። ብልህ መንግሥት ነው፤ ቢላዋውን ለኛ ሰጥቶ እጁን ታጠበ።

ግቢው ተንጫጫ።

«ቆለኞቹ ይውረዱ» አለች አንዲት የከተማ ሴት። «ከነሱ ጋር እከክ ነው የመጣብን። የኔ ልጅ ከመስኮት ውጭ ቆሞ የነሱ ልጅ ውስጥ ተቀምጧል።»

«እኛ ለምነን አልመጣንም» አለ አንድ ቆለኛ። «ተለምነን ነው የመጣነው። ለማኙም እነሆ ቆመዋል።» በአገጩ ወደ ጋሽ ወልደየስ ጠቆመ።

«ድሮስ ፍየል ደጋ ወጥታ ተመልሳ ታውቃለች?» አለ ከኋላ አንዱ፤ ሰው ሳቀ።

የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ባለወፍጮው ጌጡ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ዛሬም እላለሁ። ብልጥ ሰው ነበር፤ አምስት ልጆች ነበሩት፤ አምስቱም ትምህርት ቤት ነበሩ። «እጅ እናውጣና ቆለኞቹን እንለይ» አለ።

ጋሽ ወልደየስ ተነሡ። በርኖሱ ገለጥ አለ። ግቢው ጸጥ አለ፤ ብዙዎቹ ወጣቶች ስለዚያ ትከሻ ከአባቶቻቸው ሰምተው እንጂ አይተውት አያውቁም።

«እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ» አሉ። «ጠፍ መሬት የማን ነው?»

«የአቅኚው» አሉ ሽማግሌዎቹ ባንድ አፍ። ስንት ዘመን ያልተጠየቁት ጥያቄ ነበር።

«ይህ ግቢ ምን ነበር?»

«ጠፍ።»

«ማን አቀናው?»

«እኛ። ድንጋይ ተሸክመን።»

«ድንጋዩን እናንተ። ቀና በሉ።» በበትራቸው ወደ ጣሪያው አመለከቱ። «ያ ወራጅ በማን ትከሻ ወጣ? ደጋው ላይ በቅሎ ነበር? ቆለኛው ከገደሉ ሥር ተሸክሞ ሲያወጣው ሁለት ሰው እግሩ ተሰብሯል፤ አንደኛው ዛሬም እያነከሰ እዚህ ቆሟል። ግንቡ የደጋው ነው፣ ጣሪያው የቆላው ነው። ጣሪያ የሌለው ግንብ በረት ነው። ስለዚህ ይህ ትምህርት ቤት የተሸከመ ሰው ሁሉ ርስት ነው። የተሸከመ ሰው ልጅ፣ ደጋም ይሁን ቆላ፣ ከዚህ አይነቀልም።»

እንዴት እንደተናገሩት መጻፍ አልችልም። ዕድሜያቸው ከላያቸው ወረደ። ሽማግሌዎቹ ዓይናቸው ረጠበ። ቆለኛው ሰውዬ ወደ መሬት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣቸው። እከክ ያለችው ሴት እንኳ «እንዲህስ ከሆነ እውነት ነው» አለች። እጅ ይውጣ ተባለ፤ እጅ ወጣ። የተሸከመ ይማራል ተብሎ ጸደቀ። ጋሽ ወልደየስ ወደኔ ዞረው ሆዳቸውን መታ መታ አደረጉ፤ ዛሬ ጾም ነው ማለታቸው ነው።

በርኖሳቸውን ሳይመልሱ ጌጡ ተነሣ።

«ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን፤ ከጭቅጭቅ አወጡን። እንግዲህ የተሸከመ ይማራል ካልን፣ ያልተሸከመ ይውጣ ማለታችን ነው።»

ጋሽ ወልደየስ ቀስ ብለው ዞሩ። «እኔ የተከራከርኩት ለማስገባት ነው እንጂ ለማስወጣት አይደለም።»

«በሩ እኮ አንድ ነው ጋሼ። የሚያስገባውም የሚያስወጣውም እሱው ነው። ክፍሉ እንደሆነ አይሰፋም።»

ከዚያ ማጣራት ተጀመረ። በኋላ የመጣ ወጣ። ከራቤል ተፈናቅላ የመጣች አንዲት ባልቴት የልጅ ልጇን እጅ ይዛ ወጣች። የኔም ልጅ እዚያ ይማር ስለነበር ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ።

«እኔ ድንጋይ አልተሸከምኩም» አልኩ።

«አንተ ምስማር ሰጥተሃል» አለ ጌጡ።

«ሸጥኩ እንጂ አልሰጠሁም።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። «ይኼ ሰው መቼም ቀልዱ አያልቅም» አሉ። እንደገና ሸጫለሁ ብል እንደገና ሳቁ። ልጄ ክፍል ውስጥ ቀረ። በሕይወቴ እውነት ተናግሬ ሰው እንደ ትሕትና የቆጠረልኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ጌጡ ወደ ብርቄ ዞረ። ከሰው ራቅ ብላ አጥሩ ሥር ቆማ ነበር፤ ትርንጎ ከጎኗ።

«ብርቄ፣ አባትሽ ተሸክሟል?»

«ተሸክሞ መጥቶ ነበር» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«መጥቶ ነበር ማለት?»

«መታጠፊያው ጋ ሲደርስ አውርደው፣ አንተ ይቅርብህ ተባለ።»

መታጠፊያው ላይ ያለውን ድንጋይ ሁላችንም እናውቀዋለን። ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው ሸክሙን አስደግፎ የሚያርፍበት፣ ከወገብ በታች የሚሆን ጥቁር ድንጋይ ነው። እዚያ እንዴት እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

«ማን ነው ይቅርብህ ያለው?»

ብርቄ መሬት መሬት አየች። ጌጡ ደገመ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ የሚያውቁ ነበሩ። የሸክላ ሠሪ እጅ መሠረት ከነካ ግንቡ ይሰነጠቃል ይባል እንደነበር፣ ለማስቀየም እንዳይመስል ደግሞ እንደ ውለታ «ይቅርብህ» ይባሉ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ወልደየስ።

በትራቸውን ከፊታቸው ተከሉ።

«የሸክሙ አለቃ እኔ ነበርኩ። መታጠፊያው ላይ ቆሜ የመለስኩት እኔ ነኝ። ሰውዬው ለመሸከም አልሰነፈም። ስለዚህ እንደ ተሸከመ ይቆጠር።»

«ጋሼ» አለ ጌጡ፣ ድምፁ ለስልሶ፣ «በርስት ክርክር ሊያቀና የነበረ አቀና ይባላል?»

ዕድሜያቸውን ሙሉ በርስት ለተከራከሩ ሰው ይህ ጥያቄ መልስ እንደሌለው እሳቸው ካልነገሩን ማን ይነግረናል። ትርንጎ ታያቸው ነበር፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ አሁን አንድ ነገር ይሉና ሰው ሁሉ ይስቃል ብላ የምትጠብቅ ነበር የምትመስለው። ከዚያ እናቷ እጇን ይዛ ወሰደቻት።

በሳምንቱ ሱቄን ስከፍት ጋሽ ወልደየስን መታጠፊያው ላይ አየኋቸው። ያን ድንጋይ በጠፍር አስረው፣ ተንበርክከው፣ ጀርባቸው ላይ ሊያወጡት ይታገላሉ። ሮጥኩ።

«ልያዝልዎ።»

«ተው። ይኼ ያንተ ሸክም አይደለም። ያንተ ምስማር ነው።»

ቀልደው እንኳ አልሳቁም። ተነሡ። ወደ ትምህርት ቤቱ ያለው ዳገት አጭር ነው፤ ልጆች ይሮጡበታል። እሳቸው በየጥቂቱ ግንብ እየተደገፉ ወጡት። ሰው ከየበሩ ወጥቶ አየ። ማንም አልሳቀም፤ ማንም ደግሞ ጠጋ አላለም። እኔ ከኋላ ከኋላ ሄድኩ፤ ቢወድቁ ልይዝ።

ከትምህርት ቤቱ ግንብ ሥር ሲደርሱ ጠፍሩን ለቀቁት። ድንጋዩ ዱብ አለ። ዲሬክተሩ ወጣ፣ ጌጡም ከወፍጮው ዱቄት እንደለበሰ ተጠርቶ መጣ።

«የሸክላ ሠሪው ድንጋይ ደርሷል» አሉ ጋሽ ወልደየስ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ ያደረስኩትም እኔ ነኝ። ልጅቷን አስገቡ።»

ጌጡ ባርኔጣውን አወለቀ። «ጋሼ፣ ግንቡ እኮ አልቋል።»

«አፍርሳችሁ አግቡት።»

ጌጡ ወደ ዲሬክተሩ አየ። ዲሬክተሩ ጫማውን አየ። «ውሳኔውን ለወረዳ አሳውቀናል፣ አባባ። በርስዎ ንግግር ነው የተወሰነው። እኔ ምን ላድርግ?»

ጋሽ ወልደየስ በርኖሳቸውን በቀኝ ትከሻቸው ላይ መለሱት። ስንመለስ ሱቄ ጋ አቆምኳቸው። ሚስቴ ያቀረበችውን መሶብ ጎተት አድርጌ፣ «የተረታ ይብላ አይደል የሚሉት? ይቅመሱ እንጂ» አልኳቸው።

ቆመው አሰቡ።

«የረታሁት እኔ ነኝ፤ የተረታሁትም እኔ ነኝ» አሉ። «የትኛው ይብላ?»

ከዚያ ቀን በኋላ በጨው ጆንያዬ ላይ አልተቀመጡም። ነገር ያለው ሰው ቤታቸው ሲሄድ «ዳኛ ፈልጉ» እያሉ ይመልሱት ጀመር። ወገባቸው ያን ለት ተቀጭቷል፤ ምክንያቱ ግን ወገባቸው አልነበረም። እትዬ የሺ አንድ ቀን ጨው ሊገዙ መጥተው፣ «ሽሮው በየቀኑ ይተርፋል» አሉኝ። ጨዉን ይዘው ሄዱ።

ትርንጎ ስትሄድ አየኋት። አንድ ደላላ ለሰው ቤት ሥራ ልጆች ሰብስቦ በጭነት መኪና ሊወስድ መጥቶ ነበር። እናቷ ከሱቄ ማዶ ቆማ ስትጠብቅ እሷ ገባች፤ ቁመቷ ጨምሯል፤ አሁን ያለ ማዘንበል ጆሮዋን ትነካለች።

«አግዳሚው አለ?» አለችኝ።

«ትምህርት ቤት ነው።»

«ማን ይቀመጥበታል?»

«እኔ እንጃ ልጄ። የሆኑ ልጆች።»

ራሷን ነቀነቀች። «ጋሼን ደህና ይሁኑ ብላለች ይበሉልኝ።»

በዚያው ቀን አመሻሽ ሄጄ ነገርኳቸው። ወደ ግድግዳው ዞረው ተኝተው ነበር።

«ምን አለች?»

«ደህና ይሁኑ አለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ አላለችም።»

«ይግባኝ አላለችም?»

«አላለችም።»

የተኙ መስሎኝ ልነሣ ስል፣ «አስተምሬያት ነበር እኮ» አሉ።

በዓመቱ ሦስተኛው ትእዛዝ መጣ። እንደገና ልጅ ሁሉ ይመዝገብ፤ ማንም እንዳይቀር። ወጣት ሠራተኞች ቤት ለቤት ዞሩ፤ ወንዙንም ተሻግረው ብርቄ ቤት ገቡ። ልጅሽን ለምን አላስመዘገብሽም ብለው ተቆጧት። «ድንጋይ አልተሸከምንም» አለቻቸው። ነገሩ አልገባቸውም፤ የምታሾፍ መስሏቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ እስከ ጋሽ ወልደየስ ቀብር ድረስ ከማንም ጋር ስታወራ አላየኋትም።

ቀብሩ ላይ ሰው ብዙ ነበር። ቆለኞቹ ገደሉን ወጥተው ሬሳውን ተሸከሙ፤ ለማንም አናቀምስም ብለው። የተሸከመ መብት አለው የሚለው ነገር ከሁሉ ይልቅ በነሱ ልብ ነው የቀረው። ከሁሉ በላይ ያለቀሰው ጌጡ ነው። ብርቄ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆማ ነበር። ግቢ አልኳት።

«ይቅርብኝ» አለች።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ክፍሉ ዛሬም ሞልቷል። ድንጋዩ ከግንቡ ውጭ ነው፤ መቀመጫ ያጡ ልጆች ይቀመጡበታል። ትርንጎ አልተመለሰችም። አግዳሚው እግሩ ተሰብሮ ተመለሰልኝ፤ አስጠግኜ ሱቄ በር ላይ አኖርኩት። የሚቀመጥበት የለም።